ዲናር የሚባለው ገንዘብ በየአገሩ ያው አንድ ነውን? ስሙስ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ዘዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ታላቅ እህቴ በኩዌት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሲሆን ደመወዟን የምትቀበለው በዲናር ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ በኢራቅ፣ ኤርቢል በተባለ ከተማ፣ ይሠራ ስለ ነበር፣ እርሱም ስለ ደመወዙ ሲያነሣ የሚጠራው ዲናርን ነው። ይሁን እንጂ የእህቴ አንዱ ዲናር ከ3 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲመነዘር፣ በኢራቅ ግን አንድ ዶላር ለማግኘት ከ1000 በላይ ዲናር መቁጠር ያስፈልጋል። ከልጅነቴ ጀምሮ በወንጌል ሲነበብ የምሰማውም ዲናር አለ። አንድ ስም ይህን ያህል አገርና ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሊያዳርስ እንደ ቻለ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ዛሬ ጥያቄውን እንዳቀርብ ያስገደደኝ ግን ከመገረም ያለፈ ጉዳይ ነው። በምኖርበት ከተማ የኢራቅን ዲናር ለወገኖቻችን የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ዲናር የትም ቢሆን ያው ዲናር እንደ ሆነ፣ የኢራቁ በጦርነት ምክንያት ለጊዜው ቢወድቅም በቅርቡ እንደ ኩዌቱ ከ3 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ፣ ዛሬ በአንድ ሺህ ዶላር የገዛ ሰው ያን ጊዜ ሚሊየነር እንደሚሆን ይናገራል። ለቤት መግዣ ያጠራቀሙትን ሊሰጡት የተዘጋጁ ሰዎችን አውቃለሁ። እነዚህ ገንዘቦች ከስማቸው በስተቀር እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ነገር አለ ወይ? ሰውዬው የሚለውስ ሊሆን የሚችል ነው? የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ መዝገቡ

ወንድሜ፣ መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ በተለይ ሰዎቹ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት በመሆኑ። ከስሙ ልጀምር።

የዲናር መነሻው ሮም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ፣ ሮም ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር በምትዋጋበት ጊዜ፣ ዴናሪየስ የተባለ የብር መሐለቅ መውጣት ጀመረ። ስሙ ከአሥር ቁጥር የተገኘ ሲሆን፣ ምክንያቱም አንዱ ዴናሪየስ አስ ተብሎ በሚጠራው የነሐስ ገንዘብ ሲመነዘር 10 ስለ ነበረ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ ባለቤት ለሠራተኞቹ በቀን አንድ ዲናር ሊከፍል የተዋዋለው በዚህ የብር ገንዘብ ነው። በዚያው ወንጌል ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ጌታ አስመጥቶ መልኩ የማን እንደ ሆነ የጠየቀበትም መሐለቅ ይኸው ነው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዲናር ተብሎ የተጻፈውን ስንሰማ፣ እንግዲህ የምንሰማው የአንድ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ለጦራቸው የሚከፍሉት ሲያጥራቸው በመሐለቁ ውስጥ ያለውን ብር እየቀነሱ መዳብ ስለ ጨመሩበት፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ገንዘቡ ከብርነት ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። ስሙ ግን አልጠፋም። ቆስጠንጢኖስ ያወጣው፣ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝነው የወርቅ መሐለቅ በሶርያና በግብጽ ገበያ ሲዘዋወር፣ የምሥራቅ ሰዎች ይህን የወርቅ ገንዘብ ዲናር ብለው ይጠሩት ጀመር። የብሩ ስም በዚህ መንገድ ወደ ወርቁ ተሻገረ። በቁርኣንም በሦስተኛው ምዕራፍ በአሊ ዒምራን ዲናር ተጠቅሶ ይገኛል፤ ይኸውም ዐረቦች የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ ከመቅረጻቸው በፊት ስሙን አሳምረው ያውቁት እንደ ነበር ያሳያል።

የራሳቸውን በተሟላ መልኩ ያወጡት በኡመያው ኸሊፋ በአብዱል መሊክ ኢብን መርዋን ጊዜ፣ በሂጅራ 77 ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ696 እና በ697 መካከል ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት፣ በራሱ በአብዱል መሊክ ጊዜ ጭምር፣ የተቀረጹት የቢዛንታይንን መልክ የተከተሉ ነበሩ፤ እንዲያውም ሰይፍ የታጠቀ ኸሊፋ ቆሞ የሚታይባቸው አሉ። በ77 ግን አብዱል መሊክ የሰውን ምስል ፈጽሞ አስወግዶ በሁለቱም ገጽ የእምነት ቃልና የተቀረጸበትን ዓመት ብቻ አስጻፈበት፤ ክብደቱንም 4.25 ግራም አደረገው። ለዘመናት ከስፔን እስከ መካከለኛው እስያ የታወቀው ዲናር ይህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ድርሀም የሚለው ስም ድራክማ ከተባለው የግሪክ ገንዘብ፣ ፊልስ የሚለውም ፎሊስ ከተባለው የሮም የነሐስ ገንዘብ የመጡ ናቸው። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገኙ እኅቶቻችን በየቀኑ የሚቆጥሯቸው ስሞች ሁሉ ከሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ የተነሡ መሆናቸው በእውነት የሚደንቅ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ለጥያቄዎ የበለጠ የሚጠቅመውም ይኸኛው ክፍል ነው። የዛሬዎቹ ዲናሮች ከጥንቱ ወርቅ በቀጥታ የተወለዱ አይደሉም። እያንዳንዱ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት የራሱን ገንዘብ ሲያቋቁም የቅኝ ገዢውን ገንዘብ ስም ትቶ ይህን የቆየ ስም መረጠ፤ የዋጋውን መነሻ ግን ያስቀመጠው በሚተወው ገንዘብ ልክ ነው። ኢራቅ እ.ኤ.አ. በ1932 የሕንድን ሩፒ ስትተው አንዱን ዲናር ከአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ጋር እኩል አደረገችው። ዮርዳኖስ በ1950 የፍልስጥኤምን ፓውንድ ስትተካ እንዲሁ አደረገች። ኩዌት በ1961 የባሕረ ሰላጤውን ሩፒ ስትተው 13 ከሲሶ ሩፒ አንድ ዲናር እንዲሆን የወሰነችው፣ ያ ስሌት በትክክል አንድ ፓውንድ ስለሚሰጥ ነው። በየመኗ ወደብ በኤደን የነበረው አስተዳደር በ1965 የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ሲተው 20 ሽልንግ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ፣ አንድ ዲናር ሆነ። ሊቢያ በ1971 የራሷን ፓውንድ ስሙን ብቻ ለውጣ ዲናር አለችው። እንግሊዝ በገዛችባቸው አገሮች ዲናር የተባለው፣ ከባሕሬን በስተቀር፣ ልብስ የቀየረ ፓውንድ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ባሕሬን በዚያው በ1965 አንዱን ዲናር በ10 ሩፒ ስለ መሠረተችው መነሻው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው።

ፈረንሳይ የገዛቻቸው ግን ሒሳባቸው ሌላ ነው። ቱኒዚያ በ1958 ዲናሯን ስታቋቁም በ1000 ፍራንክ ተካችው፤ አልጄሪያ በ1964 ዲናር ያለችው ደግሞ አንዱን አዲስ ፍራንክ ነው፤ እርሱም 100 የቀድሞ ፍራንክ ማለት ነው። ጎረቤታሞች ሆነው፣ ያውም አንድ የገንዘብ ስም ይዘው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአንዱ ዲናር ከሌላው በብዙ እጅ ይለይ ነበር ማለት ነው። ከመነሻው ወዲህ የተፈጠረው ልዩነት ደግሞ የየመንግሥቱ የገንዘብ አያያዝ ውጤት ነው። ዮርዳኖስ ከ1995 ጀምሮ አንዱን ዶላር በ0.709 ዲናር ላይ አጽንታ ይዛለች። ባሕሬን በ0.376 ላይ አቁማዋለች። ኩዌት ከ2007 ወዲህ የምትከተለው የበርካታ አገሮችን ገንዘብ ድምር ነው። የኢራቁን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳ እመርጣለሁ።

መልስ፦ የደይሙ ሰው

መዝገቡ በደንብ አስረድቷል። እኔ ለብዙ ዓመታት ካርቱም ስለ ኖርሁ፣ እርሱ ያልጠቀሳትን ሱዳንን ልጨምር፤ ጉዳዩ ከገንዘብ ሻጩ ንግግር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ መሆኑን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ሱዳን ከነፃነቷ ጊዜ አንሥቶ ትጠቀምበት የነበረው ጊኒ፣ ማለትም የሱዳን ፓውንድ፣ ነው። የፕሬዚዳንት ኦማር አል-በሺር መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናርን አወጣና 10 ጊኒ በአንድ ዲናር እንዲተካ አደረገ። ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ አገሪቱን በእስልምና ሕግ ለማስተዳደር የተነሣው መንግሥት የእንግሊዝን ዘመን የሚያስታውሰውን ስም ትቶ የኸሊፋዎቹን ዘመን የሚያስታውሰውን ፈለገ። ሕዝቡ ግን አፉን አልለወጠም። በደይም ሰፈር፣ እኛ ሐበሾች በብዛት በምንኖርበት፣ ሥጋ ሻጩም ሆነ የሚኒባሱ ረዳት ዋጋ የሚጠራው በጊኒ ነበር። «አልፍ» ይልሃል፣ አንድ ሺህ ማለቱ ነው፤ አንተ ደግሞ 100 የሚል ቁጥር ያለበትን የዲናር ኖት አውጥተህ ትሰጠዋለህ፤ እርሱም ቆጥሮ ይቀበልሃል። ከአገር ቤት አዲስ የገባ ሰው አንድ ሺህ ተጠርቶበት መቶ ሲሰጥ የተጭበረበረው ሻጩ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሐዋላ የሚልክልን ሰውም ሁልጊዜ የሚጠይቀው «በጊኒ ነው ወይስ በዲናር የተነጋገራችሁት?» ብሎ ነበር፤ ይህን ሳያጣራ የላከ ሰው ሒሳቡ በአሥር እጅ ይዛባበት ነበርና።

በደቡብ ሱዳን ደግሞ ዲናሩ የሰሜኑ መንግሥት ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር፣ አማፅያኑ በያዙት ምድር ያረጀው ጊኒ፣ የኬንያና የዩጋንዳ ሽልንግ፣ በእኛ ድንበር በኩልም ብር ይሠራ ነበር። በ2005 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም የሁለቱን ወገን የባህል ልዩነት የሚያንጸባርቅ አዲስ ገንዘብ እንዲወጣ በጽሑፍ ገባ። በዚህም መሠረት ከጥር 2007 ጀምሮ ጊኒ ተመልሶ፣ ዲናሩ በዚያው ዓመት አጋማሽ ከገበያ ወጣ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አዲሱ አንድ ጊኒ የተመነዘረው በ100 ዲናር ነው። ትናንት አንዲት ዶላር ለመግዛት ከ200 ዲናር በላይ ያስፈልግ የነበረ ሲሆን በማግሥቱ 2 ጊኒ ገደማ በቃ። በወረቀት ላይ የአገሪቱ ገንዘብ መቶ እጥፍ ተወደደ ማለት ነው። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ 100 ሺህ ዲናር የነበረው ሰው ወደ ባንክ ሄዶ የተቀበለው 1000 ጊኒ ነው፤ የሚገዛለትም ዕቃ ያው የቀድሞው ነው። አንድም ሰው በዚያ ሳምንት ባለጠጋ ሲሆን አላየሁም። የኢራቅ ዲናር ዜሮዎቹ ተነሥተው ውድ ይሆናል የሚለው ወሬ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ለያዘው ሰው የሚደርሰው ይኸው ነው።

መልስ፦ አስናቀች

እኔ የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። መዝገቡና የደይሙ ሰው እንደሚሉት ዲናር የኸሊፋዎቹን ዘመን የሚያስታውስ ስም ከሆነ፣ የኦርቶዶክስ አገር የሆነችው ሰርቢያ እስከ ዛሬ ድረስ በዲናር የምትጠቀመው ለምንድን ነው? ቤልግሬድ በተማርሁበት ጊዜ ይህን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ከቱርኮች የወረስነው ነው አለኝ፤ ይህ ትክክል ነውን?

መልስ፦ መዝገቡ

እኅት አስናቀች፣ ከቱርኮች የመጣ አይደለም። የሰርቢያ ነገሥታት ከኔማኒች ሥርወ መንግሥት ጀምሮ፣ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት፣ የቬኒስን ገንዘብ አስመስለው የብር ዲናር ይቀርጹ ነበር፤ ኦቶማኖች ወደ ባልካን የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ወደ እነርሱ የደረሰው ከላቲኑ በአድርያቲክ ባሕር በኩል እንጂ በዐረብኛ አይደለም። ጣልያኖች ዴናሮ፣ ስፔኖች ዲኔሮ፣ ፖርቱጋሎች ዲኜይሮ ብለው ገንዘብን ሁሉ የሚጠሩበት ቃል ከዚሁ የመጣ ነው፤ እንግሊዞችም እስከ 1971 ድረስ ፔኒን በምሕጻር ሲጽፉ ዲ የሚለውን ፊደል ይጠቀሙ የነበረው ዴናሪየስን በማሰብ ነው። በምሥራቅ በኩልም የሕንዱ የጉፕታ መንግሥት የወርቅ ገንዘቡን ዲናራ ይለው ነበር፤ ይህም እስልምና ከመነሣቱ በፊት ነው። ሰርቢያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ራሷን ስትችል የድሮ ነገሥታቷን ገንዘብ ስም መልሳ አነሣች፤ መቄዶንያም ከዩጎዝላቪያ ከተለየች በኋላ በ1992 ገንዘቧን ዴናር አለች። ስለዚህ ለካርቱም ባለ ሥልጣናት የኸሊፋዎቹ ስም ሲሆን፣ ለቤልግሬድ ሰዎች የኔማኒቾች ስም ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው።

መልስ፦ ኤርቢል የሠራሁ

የኢራቁን ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም ጠያቂው ያነሡት የሽያጭ ወሬ ብዙ ሰው የጎዳ ነው።

ሻጩ የሚናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት በመንግሥት ምንዛሪ የኢራቅ አንድ ዲናር ከ3 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ኢራቅ ኩዌትን ስትወርር የኩዌት ዲናር ከኢራቁ ጋር እኩል ነው ተብሎ ታወጀና ከዚያም ከሥራ ውጭ ሆነ። ሁለቱ ዲናሮች መነሻቸው አንድ ፓውንድ ቢሆንም፣ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ነው ተብሎ የታወጀው በዚያ የወረራ ወቅት ነው። እርሱም በገበያ ላይ የኢራቁ በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ በኀይል የተጫነ ነበር። ኩዌት ነፃ ስትወጣ የተዘረፉት ኖቶች እንዳይሠሩ አዲስ ኖት አሳትማ የራሷን ዲናር መለሰች።

በባግዳድ ግን ማዕቀቡ ከመጣ በኋላ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኘው በማተም ሆነ። ጥራቱ ዝቅ ያለ ኖት በአገር ውስጥ እየታተመ ሲረጭ፣ በ1995 መጨረሻ አንዱ ዶላር በጥቁር ገበያ እስከ 3000 ዲናር ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ ኩርዲስታን አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ፤ ከሰማሁት ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ እርሱ ነውና። የሰሜኑ ክፍል ከባግዳድ ቁጥጥር ወጥቶ ስለ ነበር፣ እዚያ ሕዝቡ የሚገበያየው በቀድሞው ጥሩ ኖት ነበር፤ የስዊስ ዲናር ይሉታል። የሚያትመው ማዕከላዊ ባንክ አልነበረም፤ ዋስ የሚሆነው መንግሥትም የለም። ነገር ግን ማንም ስለማይጨምርበት ቁጥሩ ውስን ሆኖ ቀረ። ኖቱ እየተቀደደና በማጣበቂያ እየተያያዘ እንኳ ዋጋውን ጠበቀ። በጥቅምት 2003 አዲሱ የኢራቅ ኖት ወጥቶ እስከ ጥር 2004 ድረስ ሁሉም ሲቀየር፣ የባግዳዱ አንድ ዲናር በአንድ አዲስ ዲናር፣ የስዊሱ አንድ ዲናር ግን በ150 አዲስ ዲናር ተመነዘረ። ስሙ ብቻ ሳይሆን አገሩም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ 150 እጥፍ ነበር።

ዛሬ በኢራቅ ማዕከላዊ ባንክ የሚወሰነው ምንዛሪ፣ ከየካቲት 2023 ጀምሮ፣ ለአንድ ዶላር 1300 ዲናር ነው። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2020 መንግሥት ራሱ ሆን ብሎ ዲናሩን አርክሶት ነበር፤ ምክንያቱም ነዳጅ የሚሸጠው በዶላር፣ ደመወዝ የሚከፍለው በዲናር ስለ ሆነ፣ ዲናሩ ሲረክስ የሚከፍለው ይበዛለታል። ይህን የሚያደርግ መንግሥት የዲናሩን ዋጋ በአራት ሺህ እጥፍ ያሳድገዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ በየቦታው ያለውን ኖት በዚያ ዋጋ ለመግዛት የሚበቃ ዶላር በዓለም ላይ የለም። በአሜሪካም ከሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ ይኸው ወሬ በየጊዜው እየተነሣ ሰዎች ሲከስሩ፣ የአንዳንድ ግዛቶች የገንዘብ ተቆጣጣሪዎችም ሕዝቡን ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። ደግሞ ሻጩ ከምንዛሪው በላይ አስወድዶ ይሸጥላችኋል፤ መልሳችሁ ልሽጥ ስትሉ ግን በአብዛኛው ባንክ አይቀበላችሁም። ወንድሜ፣ እነዚያን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲነግሯቸው እለምንዎታለሁ።

ጠያቂው፦ ዘዴንቨር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደይሙን ሰው የሱዳን ታሪክና የኤርቢሉን መልስ አትሜ ለሁለቱ ቤተሰቦች አሳያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እህቴ የላከችልኝ ደረሰኝ ላይ 85.500 የሚል ቁጥር አለ። እናቴ ሰማንያ አምስት ሺህ አምስት መቶ መስሏት ደንግጣለች። አጻጻፉ ለምን እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ ሳልሚያ

እኔ ኩዌት በገንዘብ መላኪያ ቤት ውስጥ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። አንዱ የኩዌት ዲናር የሚመነዘረው እንደ ብር በ100 ሳንቲም ሳይሆን በ1000 ፊልስ ነው፤ በባሕሬንና በኢራቅ እንዲሁ ነው፤ በዮርዳኖስም አሠራሩ እንዲሁ ሲሆን፣ ቱኒዚያ ግን ፊልስን ሚሊም፣ ሊቢያም ድርሀም ይሉታል። በዚህ ምክንያት ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ይጻፋል፤ የእህትዎ ደረሰኝ 85 ዲናር ከ500 ፊልስ፣ ማለትም ሰማንያ አምስት ተኩል ነው። እዚህ የሩብ ዲናር ኖት አለ፤ 250 ፊልስ ማለት ነው። ያቺ ትንሽ ኖት ብቻዋን በዛሬው ምንዛሪ ከኢራቅ 1000 ዲናር ጋር ትስተካከላለች ወይም ትበልጣለች።

እህትዎ የሥራ ውል ስትፈርም ዲናር የሚል ቃል ብቻ እንዳይጻፍ፣ «የኩዌት ዲናር» ተብሎ እንዲጻፍ ይንገሯት። በላኪው ደረሰኝ ላይም ከቁጥሩ አጠገብ የገንዘቡ ምሕጻር ይኖራል፤ የኩዌቱ ኬ ደብሊው ዲ፣ የዮርዳኖሱ ጄ ኦ ዲ፣ የኢራቁ አይ ኪው ዲ ነው። ለእናትዎ የሚደርሳቸው የብር መጠን በደረሰኙ የታችኛው መስመር ላይ ለብቻው ስለሚጻፍ፣ ባንክ ሲሄዱ የሚጠይቁት እርሱን ነው።